ረውዳ መዳፏን ስትዘረጋ

ሐይቅ መናኸሪያ ከመኪና ስወርድ አንዲት ሴትዮ የማሽላ እሸት ትጠብስ ነበር። እሸት ሲጠበስ መጀመሪያ ገለባው ይቃጠልና አፍንጫ ይሰነፍጣል፤ ወተት ወተት የሚለው ቆየት ብሎ ነው። ቆሜ አሸተትኩት፣ አልገዛሁትም። ጦርነቱ መንደራችን በገባበት ዓመት፣ ኅዳር ላይ፣ ቁርሱም ምሳውም እሱ ስለነበር ዛሬም አፌ ሲደርስ ይሰለቸኛል። ሽታው ግን ከረሃቡ ይልቅ የእህቴን ልጅ ረውዳን ያመጣብኛል፦ ሁለት መዳፏን ወደ ላይ ዘርግታ ቤተሰቡን ሁሉ በግድ «አሚን» ስታሰኝ።

ረውዳ የተወለደችው «ለውጥ መጣ» በተባለበት ሰሞን ነው። ያኔ አገሩ ሁሉ አፍ አውጥቶ ነበር። ባጃጅ ውስጥ፣ ጫት ገበያ፣ ሰርግ ቤት፣ ለቅሶ ቤት፣ ዝም ማለት የሚያውቅ ሰው ጠፋ። ለሰላምታ እንኳ ይሳሳ የነበረው ወንድሜ ጀማል ማታ ማታ ለአባቴ ስለ መንግሥት ያስረዳ ጀመር። ያ ሁሉ ወሬ በሚዘንብበት ዘመን ተወልዳ ረውዳ ዝም አለች። እኩዮቿ አፍ ፈትተው፣ ስድብ ለምደው፣ የሰው ስም ማጥፋት ሲጀምሩ እሷ ገና በጣቷ ትጠቁማለች። ጣቷን ያየላት ካጣች ቀሚስ ትጎትታለች፤ ያም ካልሆነ ትናከሳለች።

እናቷ ሰአዳ ታላቅ እህቴ ናት። ልጇን ጡት ባስጣለች ማግስት ጅዳ ሄዳ ሰው ቤት ተቀጠረች፤ ረውዳም ለአባቴ፣ ለእናቴ፣ ለጀማልና ለእኔ ቀረች። በተለይ ለእኔ። ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ ደብተሬን አስቀምጬ እሷን አዝላለሁ። የምትናከስ ልጅ ማዘል ምን እንደሚመስል ትከሻዬ ያውቀዋል።

ያልተሞከረ መድኃኒት የለም። ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ከእስጢፋኖስ ገዳም ጠበል አመጣችላት። እናቴ ደግሞ ሐጅ አድርጎ ከተመለሰ ዘመድ ዘምዘም ለመነችላት። ረውዳ ሁለቱንም ግጥም አድርጋ ጠጣች፣ እንዲደገምላትም ኩባያውን ዘረጋች፤ ቃል ግን አልወጣትም።

«ዲዳ ሆና እንዳትቀርብኝ እፈራለሁ» አለች እናቴ አንድ ቀን።

«አብሽሪ» አላት አባቴ። «ትሰማለች አይደል? የሰማ ሰው አንድ ቀን ይናገራል።»

አባቴ ሼህ ይማም ዱዓው ይይዛል የሚባል ሰው ነበር። መንገደኛው፣ ሙሽራው፣ ልጅ የታመመባት፣ በሬ የጠፋበት፣ እስላሙም ክርስቲያኑም ደጃችን ይመጣል። አባቴ መዳፉን ሲዘረጋ ቤት ውስጥ ያለ ሁሉ ይዘረጋል፤ ከዚያ በኋላ ከቦታው የሚንቀሳቀስ የለም። እሱ ይመርቃል፣ እኛ «አሚን» እንላለን። መጨረሻ ላይ ፊቱን በሁለት እጁ ሲጠርግ እኛም እንጠርጋለን፤ ዱዓው ተዘጋ ማለት ነው። ከዚያ በፊት ማቋረጥ ነውር ነው። አንድ ጊዜ በዱዓ መሃል ፍየል ገብታ እናቴ ስትለቅመው የነበረውን ምስር ከሰፌዱ ላይ ትቅም ጀመር። ሁላችንም እያየናት «አሚን» አልን። መጀመሪያ ምስሩ አለቀ፣ ቀጥሎ ዱዓው አለቀ። «ዱዓ አይቋረጥም» አለ አባቴ ባዶውን ሰፌድ እያየ። እናቴ የመለሰችለትን እዚህ አልጽፈውም።

ረውዳ ይህን ሁሉ ከእኔ ጀርባ ላይ ሆና ስታይ ኖራለች። አንድ ምሽት ራት ቀርቦ ሁላችንም በአንድ ጊዜ እናወራለን፤ ጀማል ስለ ኑሮ ውድነት፣ እናቴ ጀማልን ስለ መዳር፣ እኔ ስለ ፈተና። ረውዳ ቀሚሴን ጎተተች። የጀማልን ሽርጥ ጎተተች። የሰማት የለም። መናከሱ ሰልችቷት ይሁን አላውቅም፣ ሄዳ መሃል ቤት ቆመችና መዳፏን ዘረጋች።

አባቴ ልማድ ሆኖበት ጉርሻውን ትቶ ዘረጋ። እናቴ ዘረጋች። ጀማልና እኔም ዘረጋን። ቤቱ ጭጭ አለ። ረውዳ ነገሩ ይህን ያህል ይሠራል ብላ ያሰበች አይመስለኝም፤ ዙሪያዋን አይታ ደነገጠች።

«ሙዝ» አለች።

የመጀመሪያ ቃሏ ነው።

«ሙዝ ይስጠን» አለ አባቴ።

«አሚን!»

እናቴ አለቀሰች። ጀማል እጁን ሳይታጠብ ወደ ሱቅ ሮጠ። ረውዳ ሙዟን በላች፣ እኛም ሳናውቀው ያን ዕለት በቤታችን አዲስ መንግሥት ሾምን።

ከዚያ ወዲያ ያለ ዱዓ አልተናገረችም። መነጋገር ማለት ይኸው መሰላት፦ መዳፍ ይዘረጋል፣ የተፈለገው ይነገራል፣ ሰው ሁሉ «አሚን» ይላል፣ ከዚያ ነገሩ ይመጣል። እውነቱን ለመናገር ብዙውን ጊዜ ይመጣ ነበር። ፀጉሯን ሳበጥራት «ማበጠሪያው ይሰበርልን» ትላለች፤ እናቴ ከጓዳ ሆና፣ ምን እንደተባለ ሳትሰማ፣ «አሚን» ትላለች። ሽሮ ሲቀርብ «ሽሮው ይሂድልን»። ዝናብ ቤት ሲያውላት «ዝናቡ ቤቱ ይግባልን»። አንዴ ከእኔ ጋር ተጣልተን «ከድጃን ጅብ ይብላልን» አለች። አባቴ መዳፉን እንደዘረጋ ተቸገረ፤ አሚን እንዳይል ልጁ ነኝ፣ እንዳይተወው ዱዓ ነው። አስቦ አስቦ «ጅቡን አላህ በሌላ ያጥግበው» አለ። ከሁሉ ቀድሜ «አሚን» ያልኩት እኔ ነበርኩ።

ወሬው መንደር ወጣ። የሕፃን ዱዓ መሬት ጠብ አይልም ይባላል። እትዬ አስካለ የላሟ መውለጃ ቀን አልፎባት ሰግታ ስለነበር «በይ እስቲ የኔ እናት፣ ላሜን መርቂልኝ» ብላ ረውዳን ታቅፋ ወሰደቻት። ረውዳ ላሟ ፊት ቆማ «ወተት ይስጠን» አለች፤ እትዬ አስካለም «አሜን» አለች። በሳምንቱ ላሟ ወለደች። ተመረቀችም አልተመረቀችም መውለዷ አይቀርም ነበር፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ደርሶ ነበር፤ ይህን ያስታወሰ ግን አልነበረም። አዲሱን ወተት የጠጣችው ረውዳ ናት፣ ከጥጃው ቀጥላ።

ሰአዳ አርብ አርብ ትደውላለች። ስልኩን ሰሌኑ ላይ አስቀምጠን ዙሪያውን እንከባለን። የልጇን አፍ መፍታት ከሰማች ወዲህ ልመናዋ አንድ ብቻ ሆነ፦ «ሆዴ፣ እስቲ እማ በይኝ። አንድ ጊዜ ብቻ እማ በይኝ።» ረውዳ ስልኩን ትኩር ብላ ታያለች። ያ ነገር ለምን እሷን ብቻ እንደሚነዘንዛት የገባት አይመስልም። አንድ አርብ መዳፏን ዘረጋች።

«ስልኩ ይዘጋልን።»

«አሚን!» አለች ሰአዳ ከጅዳ። ያለችው የገባት ካመለጣት በኋላ ነው። መጀመሪያ ሳቀች። ቆይታ አፍንጫዋን ስትስብ ሰማን፤ እናቴም ስልኩን አንስታ ወደ ጓዳ ገባች።

ብዙም ሳይቆይ ጦርነቱ ቀረበ፣ መብራትም ስልክም ጠፋ። ትልልቆቹ ምክንያቱን ያውቁ ነበር። እኔም የማውቅ መስሎኝ ነበር፦ የዘጋችው ረውዳ ናት፣ ሰአዳ ራሷም አሚን ብላበታለች። ይህን ለማንም አልተነፈስኩም። ጓሮ ወስጄ «ስልኩ ይከፈትልን በይ» ብዬ ብለምናት «ሙዝ ይስጠን» አለች። በዚያ ሰሞን ሙዝም አልነበረም።

ትምህርት ቤት ተዘጋ። ከወልድያ በኩል የሚሸሸው ሰው አስፋልቱን ሞልቶ አለፈ፤ የእኛም መንደር ግማሹ ተከተለው። አባቴ አልሄድም አለ፤ ማሽላው ደርሷል፣ እግሩም ደሴ አያደርሰውም። ከዚያ አንድ ጠዋት ታጣቂዎች ከተማውን ያዙ፣ ከሰዓት በእኛ ደጅ አለፉ። ጎልማሳ ወንድ ካገኙ ይወስዳሉ፣ ወይም ሲዋጋ የነበረ ነው ብለው ይገድላሉ የሚል ወሬ ቀድሟቸው መጥቶ ነበር። ጀማል ሃያ ዓመቱ ነበር።

ጓዳችን ውስጥ ጎታ አለ፣ ከጭቃና ከጭድ የተሠራ፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ የእህል ማኖሪያ። አዲሱ ማሽላ ገና ስላልገባ ባዶ ነበር። ጀማል ማለዳ ከላይ በአፉ ይገባል፣ እናቴ ሰፌድ ትከድንበታለች፤ ፀሐይ ጠልቃ መንገዱ ላይ ሰው ሲጠፋ ይወጣል። ቀኑን ሙሉ እዚያ ውስጥ ቆሞ ነው የሚውለው። ሲወጣ ቅንድቡ ሳይቀር አቧራ ይሆናል።

ረውዳ ከሁላችን አብልጣ ጀማልን ትወድ ነበር። ማለዳ ሲገባ ታየዋለች፤ ከዚያ ጎታው ሥር ቁጭ ብላ መዳፏን ትዘረጋለች። «ጀማል ከጎታ ይውጣልን።» ቀኑን ሙሉ። ሲመሽ ጀማል ይወጣል። ዱዓዋ በየቀኑ እየሠመረላት ተዪ ብትባል እንዴት ትስማ?

እናቴ ሞከረች። «ጀማል የለም። በይ እስቲ እንደኔ፦ ጀማል የለም።» ረውዳ መዳፏን ዘርግታ «ጀማል ከጎታ» ስትል እናቴ አፏን በእጇ አፈነችው።

«ልቀቂያት» አላት አባቴ። «የሕፃን ዱዓ ነው፣ አይቋረጥም።»

«ልጄን ልታስበላብኝ ነው እኮ!»

«የኔስ ልጅ አይደለም? አላህ የሚጠብቀውን በሕፃን አፍ አያስወስደውም።»

ይህን ሲል ግን ዐይኑ በሩ ላይ ነበር።

ስለዚህ ሥራው ለእኔ ተሰጠ። ውሻው ሲጮህ ረውዳን አዝዬ ማሽላው ውስጥ እገባለሁ። ቅጠሉ ክንዴን ይገዘግዘኛል፣ በአገዳው መሃል ሐይቁ ብልጭ ይላል። እዚያ ሆና የፈለገችውን ብትመርቅ የሚሰማት ወፍ ብቻ ነው። ወፎቹንም መርቃቸዋለች፣ ማሽላችንን ሲበሉ።

አንድ ቀን ግን ውሻው አልጮኸም። ረውዳ ጓዳ ተኝታለች፤ እኔና እናቴ በር ላይ እሸት እንፈለፍላለን። ቀና ስንል አራት ታጣቂዎች ግቢው ውስጥ ቆመዋል። ጫማቸው ተቀዷል፣ ደክመዋል። አባቴ «ግቡ» አላቸው፤ ሌላ ምን ይላቸዋል። መደቡ ላይ ተቀመጡ። እናቴ ውሃና የተጠበሰ እሸት አቀረበች። በሉ፣ ጠጡ፣ ሊነሱ ሲሉ አንዱ ሸበቶ «አባት፣ ይመርቁን እንጂ» አለ። ጠመንጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው መዳፋቸውን ዘረጉ።

አባቴ ዘረጋ። «አላህ ሰላሙን ያውርድልን።»

«አሜን።»

«የሁሉንም እናት ዐይን በልጇ ያብራው።»

«አሜን።»

ረውዳ ዐይኗን እያሻሸች ከጓዳ ወጣች። ቤቱ በተዘረጋ መዳፍ ተሞልቶ አገኘችው፤ እንዲህ ያለ ገበያ ቆሞላት አያውቅም። ቀጥ ብላ ሄዳ አባቴ ጉልበት ላይ ወጣችና መዳፏን ዘረጋች። ብድግ ብዬ ልወስዳት አሰብኩ፤ በዱዓ መሃል አይነሳም፣ ብነሳም ያስጠረጥራል።

«ትመርቀን፣ ትመርቀን» አለ ሸበቶው እየሳቀ።

«ሙዝ ይስጠን» አለች ረውዳ።

«አሜን!» አሉ። ከመካከላቸው ወጣቱ ከልቡ ነበር ያለው።

«ድመቷ ትምጣልን።»

«አሜን!»

ረውዳ ትንፋሿን ሳበች፣ ፊቷን ወደ ጓዳው መለሰች።

«ጀማል…»

«አሚን!» አለ አባቴ። ጮኾ ነው ያለው። ሁለት እጁን ፊቱ ላይ አሳረፈና ጠረገ። እናቴ ጠረገች፣ እኔም ጠረግሁ።

ታጣቂዎቹ መዳፋቸውን እንደዘረጉ ቀሩ። ሸበቶው ቅር አለው። «ምነው አባት፣ የሕፃን ምርቃት ይቋረጣል እንዴ? በእኛ አገር ነውር ነው።»

«በእኛም ነውር ነው» አለ አባቴ።

«ጀማል ማነው?» አለ ወጣቱ።

«የእናቷ ወንድም» አለች እናቴ። «ትወደዋለች።»

ከቃሏ ውስጥ ውሸት አልነበረም። ወጣቱ ወደ ጓዳው ተመለከተ። ዐይኑ ጎታው ላይ አረፈ፣ ቀጥሎ ሰፌዱ ላይ።

ረውዳ ያኔ ጮኸች። መዳፏ ገና እንደተዘረጋ ነበር፤ አባቴን አየችው፣ ባዶ መዳፏን አየች፣ ከዚያ ከእሷ ሰምተነው በማናውቀው ድምፅ ጮኸች። ከጉልበቱ ወርዳ መሬት ላይ ተንከባለለች፣ እሸቱን በእግሯ በተነችው፣ ልታነሳት የጎነበሰችውን እናቴን ነከሰቻት። ሸበቶው ጆሮውን ይዞ ተነሳ። «እንሂድ በቃ፣ ሳትረግመን» አለ። ወጣቱ በሩ ላይ ሲደርስ አንዴ ዞሮ አየ፤ ከዚያ ተከተላቸው።

አባቴ ይመለሳሉ ብሎ ፈራ። ፀሐይ እንደጠለቀች ጀማልን ከጎታው አውጥቶ፣ በማሽላው መሃል፣ አምባሰል ተራራ ሥር ወደሚኖረው አጎታችን ላከው። ረውዳ አልቅሳ አልቅሳ እንቅልፍ ወስዷት ስለነበር ሲወጣ አላየችውም።

ጠዋት ጎታውን በቡጢዋ መታችው። ባዶ ድምፅ ሰጣት። ሄዳ አባቴ ፊት ቆመች። መዳፏን አልዘረጋችም።

«አንተ አቋረጥከኝ» አለችው።

ያለ ዱዓ የተናገረችው የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው። ጠበሉም ዘምዘሙም ያልፈታውን አፍ ቁጣ ፈታው። ከዚያ «አልፈልግም» መጣ፣ «የኔ ነው» መጣ፣ «ሂጂ» መጣ፤ በሳምንት ውስጥ እንደ ሰው ልጅ ሁሉ ትናገር ጀመር። ከሁሉ ጋር ታወራለች፣ ከአባቴ በቀር። «ለአባባ ውሃ ስጪው» ስላት «አልሰጠውም» ትላለች። ማታ እሱ መዳፉን ሲዘረጋ እሷ እጇን ጭኗ ሥር ትደብቃለች። የእሷ ሒሳብ ቀላል ነበር፦ ዱዓው ተቋረጠ፣ ጀማል ሳይወጣ ቀረ።

ክፋቱ አባቴም ቀስ በቀስ እንደሷ ማሰብ ጀመረ። ጀማል ይድረስ አይድረስ የምንሰማበት መንገድ አልነበረንም። «ባታቋርጣት ኖሮ ዛሬ ልጅ የለህም» ትለዋለች እናቴ። «አውቃለሁ» ይላል። ቆይቶ ደግሞ፦ «ልጄን ያዳንኩ መስሎኝ ነበር። ያቋረጥኩት ግን ዱዓ ነው።» ለመንደሩ ሁሉ አብሽሩ ሲል የኖረ ሰው፣ እሱ ራሱ ፈሪ መሆኑን ያወቅሁት ያን ሰሞን ነው። አሳዘነኝ።

ታጣቂዎቹ ከወጡ በኋላ አንድ ቀትር ላይ ጀማል ከስቶ፣ ጢሙ አድጎ፣ በመንገዱ መጣ። እናቴ አይታው እልል አለች። ረውዳ ምንም ሳትጠይቅ ጀርባው ላይ ወጣች፤ እስኪመሽ አልወረደችም። ከአባቴ ጋር ግን አልታረቀችም። ጀማል የመጣው በመንገድ ነው እንጂ ከጎታው አልወጣም፤ ስለዚህ የእነሱ ጉዳይ ገና ነበር።

ስልክ ሲመለስ የመጀመሪያው ጥሪ የሰአዳ ሆነ። እሷ ታለቅሳለች፣ እናቴ ታለቅሳለች፣ የሚደማመጥ የለም። ረውዳ በመሃል ገብታ ስልኩን በሁለት እጇ ያዘች።

«እማ» አለች።

«ሆዴ!» አለች ሰአዳ ከጅዳ።

«እማ፣ አባባ አቋረጠኝ።»

ሰአዳ ምን እንደተቋረጠ አልገባትም። ጀማል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገራት፤ ሲነግራትም ረውዳ ስልኩን አልለቀቀችም። ሲያበቃ ሰአዳ «አባባ» አለች፣ «በአላህ፣ አስጨርሳት።»

አባቴ ከመደቡ ወርዶ፣ ጉልበቱን እያመመው፣ ረውዳ ፊት መሬት ላይ ተቀመጠ። መዳፉን ዘረጋ።

«አታቋርጠኝም?» አለችው።

«ወላሂ አላቋርጥሽም።»

አሰበችበት። ስልኩን ለእኔ ሰጠችኝና መዳፏን ዘረጋች። ጎታው ያኔ እስከ አፉ ማሽላ ሞልቶ ነበር።

«ጀማል ከጎታ ይውጣልን።»

«አሚን» አለ ጀማል፣ አጠገቧ ተቀምጦ። እናቴ አለች፣ እኔም አልኩ፣ ሰአዳም ከጅዳ አለች።

አባቴ «አሚን» ብሎ መዳፉን እንደዘረጋ ቆየ። ረውዳ ፊቷን እስክትጠርግ ጠበቃት።